ሰባት ላይ የተነሰነሰ ጨው

ዙሄይር በሩን ሳያንኳኳ ገባ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሌ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ኢጦን ባልደነቃት። ላፕቶፑን እንደ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና፣ ቁጭ እንኳ ሳይል፣ «እዪ» አላት። «ዝም ብለሽ እዪ።»

ኢጦ አየች። ዘጠኝ ነጥቦች። የቀረው ሁሉ ባዶ ሜዳ ነው፤ ዘጠኙ ግን የተጠራሩ ይመስል አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል።

«የቅንጣቷን ክብደት ስናሰላው ስንት የመጣ ይመስልሻል?»

«ስንት?»

«ሰባት። የሲ ድሪስ ሰባት።»

ኢጦ ፊቷን ድንጋይ አደረገች። ይህን ፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለማመደው ኖራለች። «ሳጥኑ ሲከፈት እናያለን» አለች።

«አንቺ ደግሞ። ቤትሽ ቢቃጠልም ‹ሳጥኑ ሲከፈት እናያለን› ነው የምትይው።»

ሥራዋ ነውና ምን ታድርግ። ከሚደልት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰው ትቶት በሄደ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ ተራራው ሥር፣ በፈሳሽ ዜኖን የተሞላ ትልቅ ጋን ተቀምጧል። ጋኑ የሚጠብቀው ዓይን ያላየውን ነገር ነው፤ ጋላክሲዎችን አቅፎ የያዘውን፣ ክብደቱ እንጂ መልኩ የማይታወቀውን ጨለማ ቁስ። ከዚያ ቁስ አንዲት ቅንጣት መጥታ ጋኑ ውስጥ ካለ አቶም ጋር ብትላተም ትንሽ ብልጭታ ትታያለች። እስካሁን ማንም አላያትም። ሰው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ነገር ሳያየውም ያየው ይመስለዋል፤ ስለዚህ የሙያው ሰዎች ለራሳቸው ወጥመድ ያጠምዳሉ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ይመረጥና መረጃው ውስጥ እውነተኛ የሚመስሉ የሐሰት ብልጭታዎችን በስውር ይጨምራል። ይህን «ጨው መነስነስ» ይሉታል። ስንት እንደተነሰነሰ፣ በየትኛው ክብደት እንደተነሰነሰ፣ ጭራሽ መነስነሱንም ቢሆን ከነስናሹ በቀር የሚያውቅ የለም። ትንተናው ተጠናቆ ሁሉም «ያየነው ይህ ነው» ብሎ ካጸና በኋላ ሳጥኑ ይከፈታል፤ ጨዉ ይለቀማል። የሚተርፍ ነገር ካለ እሱ የተፈጥሮ ነው። ነስናሹን ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ካመለጠችው ግን መረጃውን በንጹሕ ዓይን የሚያይ ሰው አይኖርም፤ የአርባ ሰው የሁለት ዓመት ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

በዚህ ዙር ነስናሿ ኢጦ ነበረች። ክብደቱን መምረጥም የእሷ ፋንታ ነበር፤ ሰባትን መረጠች።

የመረጠችው በሲ ድሪስ ምክንያት ነው። ሲ ድሪስ አምዝያን ፌስ ከተማ ያስተማሯት፣ አባቷ ሲሞት ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ቤታቸው ያኖሯት ሰው ናቸው። የወረቀትና የእርሳስ ሰው እንጂ የመሣሪያ ሰው አይደሉም። ዓለም ሁሉ ቅንጣቷን ከፕሮቶን መቶ እጥፍ በሚከብዱት ዘንድ ሲፈልግ፣ እሳቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት «አይደለም፣ ሰባት እጥፍ ናት» ብለው ተነሱ። ቀመራቸው ያምር ነበር። ያመናቸው ግን አልነበረም። መጀመሪያ «ሲ ሰባት»፣ አቶ ሰባት እንደማለት፣ የሚል ስም ወጣላቸው፤ ጉባኤ ላይ ባገኟቸው ቁጥር «ሰባተኛው ሰማይ እንዴት ከረመ?» ይሏቸው ጀመር። ኋላ ደግሞ ከዚያ የባሰው መጣ፤ መሳቁንም ተዉት።

ቀላል ቅንጣት የምትሰጠው ብልጭታ ደካማ ነው። ስለዚህ የኢጦ ባልደረቦች ያንን ጥግ የሚያዩት ለይስሙላ ነበር። ጨው እዚያ ብነሰንስ ግን አንድ ሁለት ነጥብ ሲያዩ ዓይናቸው ይተከላል፤ ጥጉን አጥርተው ያጠኑታል፤ ከጨዉ ጎን እውነተኛዋ ካለች ያኔ ትያዛለች፤ ኢጦ ያሰበችው ይህን ነው። ፍቅር ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ዙሄይር ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። በዚያው ሳምንት ለሲ ድሪስ ደውሎ ነገራቸው። እሱም ተማሪያቸው ነበር፤ ነገሩን ያወጣው ከደስታ ብዛት ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለኢጦ ይቀልላት ነበር።

ሲ ድሪስ በነጋታው ከማያውቋቸው አምስት ሰዎች ጋር በአንድ ታክሲ ተጣብቀው ከፌስ መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ባለቤታቸው ላላ ዞህር የጋገሩትን የለውዝ ብስኩት በካርቶን ታቅፈዋል። ቢሮው ውስጥ የናዕናዕ ሻይ ተቀዳ፤ ስለ ዘጠኙ ነጥቦች ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ሁሉም ግን እንደ ሠርግ ቤት ፈገግ ፈገግ ይል ነበር። ሻዩ ሲያልቅ ኢጦን «እስኪ አየር እንቀበል» አሏት። እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ቀስ ብለው ሄዱ። ከፊታቸው የአያሺ ተራራ በረዶውን ለብሶ ቆሟል።

«ዙሄይርን አትቆጪው» አሉ። «ደስታ ነው ያስለፈለፈው።»

«ደስታው ቀን ቢጠብቅ ምን ነበረበት፣ ሲ ድሪስ?»

«ቀን? እኔ ሠላሳ ዓመት ጠብቄያለሁ። አንቺ ስንት ልትጨምሪብኝ ነው?»

«ወር እንኳ አይሞላም። ሳጥኑ ይከፈት ብቻ።»

«የስንብት ንግግሬ የፊታችን ሐሙስ ነው፣ ልጄ። ሲሳለቅብኝ የኖረው ሁሉ የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሳጥናችሁ ሲከፈት ማን ይሰበሰብልኛል? ያኔ ዳማ የሚጫወት ጡረተኛ ነኝ።»

«አይናገሩ። እለምንዎታለሁ፣ አይናገሩ።»

ሲ ድሪስ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ጨው ነው?» አሏት።

ይህን ደንብ ያስተማሯት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ «ነስናሽ ለወለደው አባቱም አይነግርም» ይሉ ነበር። «ነሰነሰም አልነሰነሰም መልሱ አንድ ነው፤ ዝምታውም ምንም ማለት አይደለም።» ክፍሉ ሁሉ ስቆ ነበር። ኢጦ ግን ደብተሯ ላይ አስምራበታለች።

«ሳጥኑ ሲከፈት እናያለን» አለች።

«እሱን ለዙሄይር በዪው። እኔ ነኝ የጠየቅኩሽ።»

«ይህን መልስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ። ነስናሿም አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ነገር የሚይዝ ሆድ ያለው ሌላ ሰው የለም።» ጠጋ ብለው ዓይኗን አዩዋት። «ደንቡን ለሌላው ጠብቂው። ለእኔ ግን አንዲት ቃል ይበቃኛል።»

ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ጨው ነው። ለማለት የእስትንፋስ ያህል ጊዜ አይወስድም። ግን አርባው ሰው ትዝ አላት። ዛሬ ብትነግራቸው ነገ ዙሄይር በደወለላቸው ጊዜ ከድምፃቸው እንደሚያውቀውም ትዝ አላት፤ ሲ ድሪስ ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ደግሞስ «አይናገሩ» ብላ መለመኗ አይበቃም? ይህን ደንብ በገዛ አፋቸው ያስተማሩ ሰው ዝምታዬን ማንበብ እንዴት ያቅታቸዋል አለች በልቧ። ዝም አለች።

የሲ ድሪስ ፊት ቀስ በቀስ በራ። «አየሽ» አሉ፤ «ጨው ቢሆን ኖሮ ትነግሪኝ ነበር። በሰው ፊት አታዋርጂኝም፤ ልጄ አይደለሽ?» ጉንጯን መታ መታ አድርገው ወደ ቢሮው ተመለሱ።

እሳቸው ፍቅሯ ደንቡን ይሰብራል ብለው ታመኑ። እሷ ደግሞ ደንቡ እሳቸውን ያስቆማል ብላ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሩትን የረሱት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ዝምታ ምንም ማለት አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ኢጦ ፌስ ሄዳ የአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሲ ድሪስ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ጥንቱ፣ ስለ አስተማሪዎቻቸው፣ ስለ ቀመራቸው ተናገሩ። ከዚያ ወረቀታቸውን አጠፉና፣ «ለሠላሳ ዓመት ተራራውን ስጠይቅ ኖሬያለሁ» አሉ። «ተራራው መለሰልኝ። ዘጠኝ ጊዜ መለሰልኝ። ሰባት ናት።» አዳራሹ መጀመሪያ ፀጥ አለ፣ ከዚያ ተነስቶ አጨበጨበ። «ሰባተኛው ሰማይ» እያሉ ሲቀልዱባቸው የኖሩት አዛውንት ፕሮፌሰር ሳይቀሩ መድረኩ ላይ ወጥተው አቀፏቸው። ላላ ዞህር እልልታቸውን አቀለጡት። በማግሥቱ የሲ ድሪስ ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ኢጦ ሱቅ ውስጥ ወተት ልትገዛ ገብታ አየችውና ወተቱን ሳትገዛ ወጣች።

ሳጥኑ በተቀጠረው ቀን ተከፈተ። ኢጦ ኮምፒውተሩ ላይ የሚስጥር ቁጥሯን አስገባች፤ ጨዉ ከነጥቦቹ መካከል አንድ በአንድ ቀይ እየሆነ ወጣ። ስምንት ነስንሳ ነበር። ስምንቱንም አግኝተዋቸዋል። የቀረችው አንዲት ነጥብ ናት፤ ከጉድጓዱ ድንጋይ በራሱ ጊዜ አንድ ያህል ብልጭታ እንደሚመጣ ደግሞ አስቀድመው አስልተው ጽፈውታል። አንድ ጠብቀው አንድ አገኙ። ምንም የለም ማለት ነው።

ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። የጋኑ ዓይን ያን ያህል ደካማ ብልጭታ ሳያመልጠው ለቅሞ ማውጣቱ ለነሱ ትልቅ ድል ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ የኢጦ ጨው ጣፍጦ እውነት መስሏል። «እጅሽ ይባረክ፤ እንዳንቺ ያለ ነስናሽ አይገኝም» አላት አንዱ። ሌላው ደግሞ ይህን የክብደት ጥግ እንደነሱ አጥርቶ ያየ ቤተ ሙከራ በዓለም ላይ እንደሌለ፣ ከእንግዲህ ሰባት ላይ ማንም ምንም መፈለግ እንደማያስፈልገው አስረዳ። ሰባት ተዘጋ። በገዛ እጇ ነው የዘጋችው።

ያላጨበጨበው ዙሄይር ብቻ ነበር። ሁሉም ሲወጣ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«እያወቅሽ ዝም አልሻቸው።»

«አንተስ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

ዙሄይር ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ሄደ።

ሲ ድሪስ ከጋዜጣ እንዳይሰሙት ብላ በማግሥቱ ፌስ ሄደች። በሩን የከፈቱት ላላ ዞህር ናቸው። እንደ ወትሮው ጉንጯን አልሳሟትም። «ግቢ» አሉ። «እሱ ነው ግቢ ያለሽ። በእኔ ቢሆን ደጁን አትረግጪውም ነበር።» ዙሄይር ቀድሟት ደውሏል።

ሲ ድሪስ ጀለቢያቸውን ለብሰው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ባንድ ሌሊት የሸመገሉ ይመስላሉ።

«ስንት ነሰነስሽ?»

«ስምንት።»

«ስንት ነበር የተገኘው?»

«ዘጠኝ።»

ቀና አሉ። ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ሲል አየችው፤ እባክዎ ይያዙት፣ አይልቀቁት ብላ ተመኘች። «አንዷ ቀርታለች፣ ሲ ድሪስ» አለች።

«ከድንጋዩ ስንት ይጠበቅ ነበር?»

«አንድ።»

«እንግዲያው ምንም አይደለችም።» ጉልበታቸውን አሹ። «ለተማሪ ስንት ዘመን እንዲህ ብዬ አስተምሬ፣ ለራሴ ሲሆን አንድ ልስረቅ?» ከዚያ፣ «ሰባት ላይ ለምን አደረግሽው?» አሉ።

«እንዲያዩት ብዬ። ማንም አያየውም ነበር።»

«አጥርተው አዩት?»

«ከማንም በላይ።»

«እና የለችም።»

«የለችም።»

ሲ ድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኢጦ እንዲቆጧት፣ እንዲሰድቧት፣ ከቤቴ ውጪ እንዲሏት ጠበቀች፤ ቢያደርጉት ትችለው ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና እስከ በሩ ድረስ ሸኟት።

«ደንቡን ጠብቀዋል፣ ዶክተር» አሉ። «ጥሩ የፊዚክስ ሰው ነዎት። እዚህ ድረስ ስለደከሙ አላህ ያክብርልን።»

ኢጦ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ለማጥለቅ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ገና በተማሪነቷ እቤታቸው ከገባችበት ቀን ጀምሮ ልጄ እንጂ አንቱ ብለዋት አያውቁም ነበር።