የወረፋው ድንጋይ

ገዳሪፍ ዳር ያለው የስደተኞች ማሰልጠኛ ደንቡን በሩ ላይ በዐረብኛም በአማርኛም ለጥፎታል። የሺመቤት በአማርኛው በኩል ቆማ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። ተመዝጋቢ የራሽን ካርዱን ይዞ ራሱ ይቅረብ፤ በሰው አይላክም። አንድ ሰው የሚማረው አንድ ሙያ ነው፣ አንዴ የተመዘገበም አይቀየርም። ማንበብ የማይችል አይምጣ፤ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያለፈም እንዲሁ። ደንቡን የጻፈው ሰው ችግር የሚባል ነገር በዓይኑ ያየ አይመስልም። የሺመቤት ግን አልከፋትም። ማንበቡን አገሯ ሳለች በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምራዋለች፤ ዕድሜዋም በእናቷ አቆጣጠር ልክ ሠላሳ አምስት ነው። ለከርሞ ግን በሩ ይዘጋባታል።

የምትፈልገው የጤና ረዳትነቱን ነበር። ሰኞ ዕለት ልብስ ስፌት ሲመዘገብ ጎረቤቶቿ ነይ እንሂድ ቢሏት እምቢ ብላ ቀረች። ዓመቱ ሰባ ሰባት ነው፤ በኅዳር ረሃቡ ከጎንደር ቆላ ሲያስወጣት ታናሽ ልጇን በተቅማጥ መንገድ ላይ ቀብራለች። ታላቂቱ ሙሉዬም በዚያው በሽታ ልታመልጣት ስትል ካምፑ ደረሱ። አንዲት የጤና ረዳት ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጣ በማንኪያ በማንኪያ ስታጠጣት ዋለችና ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። የሺመቤት ያን ቀን የተደሰተችውን ያህል ተናደደች። ጨዉን እኮ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ነው የመጣችው። ያጣችው ማወቁን ነው።

ማክሰኞ የጤና ረዳት ምዝገባ ነው ተባለ። ጎህ ሲቀድ ድንጋይዋን ተሸክማ ሄደች። ካምፕ ውስጥ ውሃ የጠበቀ ሁሉ እንደሚያውቀው ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነው። ሰው ድንጋዩን አስቀምጦ ልጁን ያጠባል፣ ጥላ ሥር አረፍ ይላል፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላው ያለው ድንጋዩን በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። የሰው ድንጋይ መዝለል ሰውን ከመዝለል አይለይም። የየሺመቤት ድንጋይ ትልቅና ጠፍጣፋ ስለሆነ ሴቶቹ ወፍጮሽን ልታስመዘግቢ ነው ወይ እያሉ ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች። ጠጠር የያዘ ሰው ጠጠሩ ጠፍቶ ሲጣላ ብዙ ጊዜ አይታለች።

ከፊቷ ያለው ድንጋይ የጎረቤቷ የራሒማ ነው። ራሒማ ከወሎ የመጣች የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። ረፋዱ ላይ ልጁ አላስቆም ሲላት እስከ ሕፃናት መመገቢያው ደርሼ ልምጣ፣ ድንጋዬን አደራ ብላ ሄደች።

መዝጋቢው ኡስታዝ አሊ እናቱ ጎንደሬ፣ አባቱ የገዳሪፍ ሰው ናቸው። ክፍሉ ሃያ ወንበር ስላለው ሃያ ሰው ብቻ ይጽፋል። ካርድ ያያል፣ አንድ መስመር ያስነብባል፣ ይጽፋል። የሺመቤት ከውጭ ሆና ትቆጥራለች። አሥራ ዘጠነኛው ሰው ተጽፎ ወጣ። በሩ ደጃፍ ላይ የራሒማ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ራሒማ የለችም።

«ያላ፣ ግቢ» አላት አሊ።

ለየሺመቤት የቀረው አንዲት እርምጃ ነው። ደንቡም ከእሷ ጋር ነው፤ ራሱ ይቅረብ ይላል። ራሒማ ደግሞ ገና ልጅ ናት፣ ለከርሞም ይደርሳታል። መንገድ ላይ የቀበረቻትን አሰበች። እግሯ ሊነሳ ብሎ ነበር፤ ይህን እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ነገር ግን አደራ ተብላለች።

«ኡስታዝ፣ ከፊቴ ሰው አለ» አለች፣ ድንጋዩን እያሳየች።

አሊ ድንጋዩንም እሷንም አየ። ደንቡ ድንጋይ የሚባል ተማሪ አያውቅም፤ ካልገባች ቀጣዩን እንደሚጠራ ነገራት፤ ጠራም። ቀጣዩ ጋረደው የሚባል የገበያ ተሸካሚ ነበር፤ የቀን ሥራውን ትቶ ነው የዋለው። ጋረደው አንገቱን አከከና ድንጋዩ እንደሚቀድመው ተናገረ። ከእሱ ቀጥላ ያለችውም እንደዚያው አለች። ከእሷ በኋላ ያሉት አራት ሰዎችም ተራ በተራ ተጠርተው ንቅንቅ አላሉም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ፤ ኡስታዝ አሊ ታሰረ።

«አላህ ያሳያችሁ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ» ብሎ ብዕሩን አስቀመጠና ሻይ አስመጣ።

ሻዩን ሳይጨርስ ራሒማ ልጇን አዝላ፣ አቧራ ለብሳ ስትሮጥ መጣች። ልጁ ከጀርባዋ ወረቀቱን እየነጠቃት አንድ መስመር አነበበችና ተጻፈች። ሃያ ሞላ። አሊ መዝገቡን ዘጋ።

የሺመቤት ደስ አላት ብል ውሸት ይሆናል። ቢሆንም ራሒማን አቅፋ እንኳን ደስ አለሽ አለቻትና ድንጋይዋን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«እትዬ» አለ አሊ ከበሩ ላይ ሆኖ። «ሃያ ያልኩት ሰው ጠልቼ አይደለም። መቀመጫ የለኝም። መቀመጫ ቢኖርሽ አሁኑኑ እጽፍሽ ነበር።»

የሺመቤት ቀና አለች። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን አየች።

«መቀመጫስ አለኝ» አለች።

አሊ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ግን እስኪያነባ ሳቀ። ጋረደው እኔም ድንጋይ አላጣሁም ብሎ ብቅ ቢል፣ ያንተ ጠጠር ላይ ዶሮም አትቀመጥም፣ ለነገው የግንበኝነት ምዝገባ ያዘው ተባለ። መዝገቡ ተከፈተ፤ ካርዷ ታየ። መስመሯን ሳትደናቀፍ አነበበችና ሃያ አንደኛ ሆና ተጻፈች።

ቅዳሜ ትምህርት ሲጀመር ሃያው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ የሺመቤት ከራሒማ አጠገብ ድንጋይዋ ላይ። ከሁሉም ዝቅ ብላ ስለነበር ሰሌዳውን ለማየት አንገቷን ማስገግ ነበረባት፤ ግድ አልሰጣትም። አስተማሪዋ ገብታ፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ መጀመሪያ ምን እንሰጠዋለን ብላ ጠየቀች። ከሥር፣ ከድንጋዩ ላይ አንድ እጅ ወጣ። የሺመቤት በዚህስ ወረፋ አልጠበቀችም።