ለራዊያ የተሳለው በሬ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ማግስት ራዊያ ሙህዲን ለመንደሩ ሰው ዶክተር ሆና አደረች። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤቷ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የነሱም ቁንጮ እሷ ነበረች። ከቆቦ ወደ ሮቢት የሚመላለሱት የባጃጅ ልጆች ሳይቀሩ «ዶክተሯ መጣች» እያሉ ቦታ ይለቁላት ጀመር። ሙገሳ የሚጠላ ሰው የለምና እሷም እንዲህ ሲሏት ደስ እያላት ሰነበተች።

ደስታዋን ያደፈረሰው የሚወዳት ሰው ነው። የባዮሎጂ መምህሯ አብዱሰመድ ቆቦ ድረስ አስጠርቶ አንድ የምሥራች ነገራት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል የሕክምና ኮሌጅ ጥሩ ውጤት ላመጡ የገጠር ልጆች ክፍያውን በግማሽ ይቀንሳል። ሳያማክራት ስሟን ልኮላት ነበር፤ ተቀብለዋታል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኩል ሕክምና ይድረሳት አይድረሳት የሚለየው አንደኛውን ዓመት ከጨረሰች በኋላ ነው፤ እዚያ ግን ከመጀመሪያው ሕክምና ገባች ማለት ነው። ቀሪውን ግማሽ አባቷ ወሩ ሳያልቅ መክፈል አለበት። መምህሩ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ቀለል አድርጎ ነው የነገራት፤ አስተማሪ ሁሉ የሰው አባት ገንዘብ ያለው ይመስለዋል።

ራዊያ ሒሳብ መሥራት አላስፈለጋትም። በነሱ ቤት ያን ያህል የሚያወጣ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጉራች ነው። ጉራች ጥቁሩ በሬያቸው ነው፣ እንደ ልጅ ያደገ፣ ጎብዬ ገበያ ቢወጣ ነጋዴ የሚረባረብበት። ችግሩ ጉራች ከእንግዲህ የነሱ አለመሆኑ ነበር።

ለፈተና ልትሄድ በዋዜማው አባቷ ሙህዲን ሽማግሌዎችን ቤቱ ሰብስቦ ዱአ አስደረገላት። ጫቱ ተቀመጠ፣ ሸኽ አሊ መረቁ። በመጨረሻ ሙህዲን ከተቀመጠበት ተነሣና፣ ልጄ ካለፈች ጉራችን ለነዝር አርጄ አገሩን አበላለሁ ብሎ በአላህ ፊት ተሳለ። ቤቱ ሁሉ «አሚን» አለ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው «አሚን» በር ላይ ውሃ ይዛ የቆመችው የራዊያ ነበር።

ነዝር፣ ስለቱ ማለት፣ በነሱ ቤት የሚቀለድበት ነገር አይደለም። ታላቅ ወንድሟ ፈሪድ በባሕር ወደ ሳውዲ የተሻገረ ጊዜ ሙህዲን በሰላም ከገባልኝ ብሎ አንድ ወይፈን ተስሎ ነበር። ልጁ ገብቻለሁ ብሎ ደወለ። ያን ዓመት ግን ዝናቡም፣ ማሳውን የሚያጠጣው ጎርፍም ቀረ፤ ማሽላው በቁሙ ደረቀ፣ ወይፈኑም ለእህል ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ፈሪድ አልደወለም። ሙህዲን ይህን ለማንም አያወራም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ፊቱ ይለዋወጣል።

እንግዲህ ራዊያ ለዚህ ሰው ነው ስለትህን ሽጥልኝ የምትለው።

ሲጨንቃት ለእናቷ ነገረቻት። ሀሊሜ ማሽላ ታበጥር ነበር፤ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ራዊያ ተስፋ ማድረግ ጀመረች።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለች ሀሊሜ። «በሬውን ቢሸጥ ስላንቺ ሲባንን ይሞታል። ቢያርደው ደሞ ስላንቺ ሲቆጨው ይሞታል። የቱን ትመርጭለታለሽ?»

ራዊያ ሸኽ አሊ ዘንድ ልሂድ ብላ እስከ በራቸው ደረሰችና ምን ብዬ ልጀምር ስትል ተመለሰች። እየተመለሰች ሳለ ክፉ ሐሳብ መጣባት፤ ምነው ወድቄ ቢሆን፣ ጉራች ይተርፍ ነበር አለች። የተረፈው ጉራች ደግሞ ለወደቀች ልጅ ምን ያደርግላታል? ከየትም ብትጀምር ዞራ ዞራ እዚያው ነው። እንዲህ ያለ አጥር ውስጥ የገባች ነፍስ እንቅልፍ የላትም።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያው ቀን ሲደርስ ቆቦ ኮምፒውተር ቤት ሄደች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይመግባል፣ ያስተኛል፣ ዕዳውንም የሚጠይቀው ሥራ ሲገኝ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥም በትንሽ የትራንስፖርት ወጪ የሚደረሰው ወልዲያ ነው። የሚሞላላት ልጅ ውጤቷን አይቶ ተገረመ፤ ወልዲያን አንደኛ ላድርገው ወይ ብሎ ደጋግሞ ጠየቃት። አድርገው አለችው። ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች፤ ነጂው ዶክተሯን ፀሐይ እንዳይመታት ብሎ መጋረጃውን አወረደላት።

ሙህዲን ጉራችን በጁምዓ አረደ። አገሩ መጣ። ሰው በላ፣ መረቀ፤ ስለ ምርጫዋም በየጥጉ ማብራሪያ ሰጠ። አንዱ ሴት ልጅ ናት፣ ርቀት ፈርታ ነው አለ። ሌላው የእናቷ ነገር አይሆንላትም አለ። ጎበዝ ልጅ የትም ጎበዝ ነው ያሉም ነበሩ። አፋቸው ውስጥ ያለውን ሥጋ ግን ማንም አላሰበውም።

መምህር አብዱሰመድም ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ትሪው ከፊቱ እንደቀረበ ራዊያን ጠቅሶ አስጠጋት፤ ኮሌጁ ደጋግሞ እየደወለለት መሆኑን ነግሯት፣ አባትሽ ምን አሉ ሲል ጠየቃት።

«አልነገርኩትም፣ ቲቸር።»

«ለምን?»

ራዊያ ትሪውን አየችው። መምህሩም እሷ ያየችበትን አየ፤ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ቆዳም አየ። የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ። ለመነሣት እጁን መሬት ሲያስደግፍ ሙህዲን ደረሰበት። ምነው መምህር፣ የልጄን አይበሉም እንዴ ብሎ ከፊቱ ተንበረከከና አንድ ትልቅ የሥጋ ጉርሻ አጎረሰው። አብዱሰመድ ሊናገር የከፈተው አፉ ሞላ።

ሙህዲን እንደዚያው ደስ እንዳለው ወደ ልጁ ዞረ። «ሰው ወልዲያ ነው የመረጠችው ይላል። ይሄን ውጤት ይዘሽ ወልዲያ?»

«ቅርብ ነው፣ አባ። ምግቡም መኝታውም በመንግሥት ነው።»

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ገንዘብ ነው እንዴ ያስፈራሽ? እኔ እኮ ሸኾቹን ጠይቄ ነበር። ልጅቱ ለትምህርቷ ከቸገራት በሬውን ሽጥላት፣ ነዝሩን አላህ ሲሰጥህ ትከፍላለህ ብለውኛል። ትጠይቂኝ ይሆናል ብዬ እስከ ዛሬ ጠበቅኩ። ዝም ስትይ ጊዜ አረድኩት።»

መምህሩ ማኘኩን አቆመ። ሀሊሜ የማድቤቱ በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

«ወልዲያን ወድጄው ነው፣ አባ» አለች ራዊያ።

ሙህዲን አመናት። ማመን ፈልጎ ነበርና ወዲያው አመናት። ቆዳው የሸኽ አሊ ድርሻ ነበር፤ እሳቸው ግን ለተማሪዋ ይሁን ብለው መርቀው ሰጥተዋታል። ሙህዲን ከአጥሩ አውርዶ ፊቷ ዘረጋላት። አልፍቼ መስገጃ አደርግልሻለሁ፣ ወልዲያ ይዘሽው ትሄጃለሽ አላት። እስከዚያው እንዳይበላሽ ጨው አምጥታ እንድታሸው ነገራት።

ራዊያ ጨው አመጣች። ተንበርክካ በሁለት እጇ ቆዳውን ስታሽ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም የደስታ ነው ብለው እንደገና መረቋት። ምርቃቱ ሲያልቅ ሁሉም «አሚን» አሉ። እሷ ብቻ አላለችም።