ከቁም ሳጥን የወጡ ማሽኖች

በዚያ ሆስፒታል የኦክስጅን ማሽን የቸገረው ክፍል ሁሉ "የለንም" የሚል መልስ ይሰማል። ማሽን ጠፍቶ አይደለም፤ ተደብቆ ነው። አንዱ ክፍል በብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፣ ሌላው ከመታጠቢያ ቤት በር ኋላ ያቆመዋል፣ የእናቶች ክፍል የት እንደሚያኖረው ሰይጣንም አያውቅ። ያዋሰ ሁሉ አንዴ እጁን ተቃጥሏል። "ለአምስት ደቂቃ" ተብሎ የሄደ ማሽን ወይ ጎማው ተሰብሮ ይመጣል፣ ወይ በዚያው ይቀራል።

የመሣሪያ ክፍሏ ወጣት መሐንዲስ ይህን ልማድ ልትቀብረው ቆርጣ ተነሣች። ባገኘችው ማሽን ሁሉ ላይ ለሙከራ አዝራር የምታክል ምልክት ሰጪ ለጠፈች። ማሽኑ የትም ቢሄድ በካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ካርታውን ዳይሬክተሩ ቢሮ ሰቀለችው። ነርሶቹም ውለው ሳያድሩ "ራዳር" የሚል ስም አወጡላት።

"እስቲ ማሽኖቼን አሳዪኝ" አላት ዳይሬክተሩ።

ነጥቦቹ ተሰልፈው ኮሪደሩን ይዘው ይጓዙ ነበር። ዓይኗ እያየ ሁሉም ልብስ ማጠቢያ ቤት ገቡ።

"ኦክስጅን ማሽን ይታጠባል እንዴ?"

ሮጣ ወረደች። ምልክት ሰጪዎቹ ከሕፃናት ክፍል የአንሶላ ጋሪ ሆድ ሥር እንደ መዥገር ተጣብቀዋል።

"ሙከራው ነገ ያበቃል" አላት ዳይሬክተሩ ስትመለስ። "ነገም እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ነቅለሽ ታስረክቢያለሽ። እኔም አዲስ ማሽን ልግዛ።"

የማን ሥራ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በቀጥታ የሕፃናት ክፍል ዋና ነርስ ወደሆነችው አክስቷ ሄደች።

"አክስቴ፣ አንቺ ነሽ አይደል?"

"ብሆንስ?" አክስቷ ብርድ ልብስ ማጠፏን አላቋረጠችም። "አለቃው ማሽኔ የት እንዳለ ካየ፣ ትርፍ አላት ብሎ ይወስድብኛል። ልጆቼ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያንቺን ነጥብ ላጉርሳቸው?"

"ብትዋዋሱ እኮ ለሁሉም ይበቃል!"

"አውሼ የለ! ወሰዱት፣ የት እንደገባ እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት አንቺ ነሽ፤ ማንን ጠይቀሽ ለጠፍሽ?"

ያኔ ለመሐንዲሷ ገባት። ካርታውን የሰቀለችው ማሽን ለሚነጥቅ ሰው እንጂ ለሚያውስ ሰው አልነበረም።

ከሰዓቱን በሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተተክላ ዋለች። የዳይሬክተሩን ካርታ ዘጋችና እያንዳንዱ ዋና ነርስ የራሷን ማሽኖች በራሷ ስልክ ብቻ እንድታይ አደረገች። ዳይሬክተሩ ግድግዳው ባዶ ሆነበትና ደወለ።

"ካርታው የት ሄደ?"

"ባለቤቶቹ ጋ" አለችና ይህን ጊዜ አክስቷን አስፈቅዳ ምልክት ሰጪዎቹን መልሳ ልትለጥፍ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት የእናቶች ክፍል ማሽን ተበላሸ። አንዲት ወላድ ትንፋሽ አጥሯታል። መሐንዲሷ ማሽን ለመዋስ ወደ አክስቷ ሮጠች። አክስቷ ቁልፉን ጨብጣ የእህቷን ልጅ አየቻት።

"ካልተመለሰ ቆዳሽን ነው የምገፈው።"

ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ማሽኑ ሄደ። አክስቷም ልጇን ድራ እንደ ላከች እናት ከስልኳ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ነጥቡ መንገድ ላይ ቀጥ ሲል ማሽኑን ለሚገፉት ደወለች።

"ማሽኔ ምን ሆኖ ኮሪደር ላይ ቆመ?"

"አንቺ ሴትዮ ከየት ሆነሽ ነው የምታዪን?"

"ከሰማይ! ምን ሆኖ ነው የቆመው?"

"አሳንሰሩ እምቢ ብሎን ነዋ።"

"ደረጃ የለም? ተሸከሙት!"

ተሸከሙት። ነጥቡ አረንጓዴ ሆነ፤ ማሽኑ መሥራት ጀመረ። ወላዷም ተነፈሰች።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ማሽኑ ተወልውሎ፣ ጎማው ሳይጎድል ተመለሰ። ገፍታ ያመጣችው ራሷ የእናቶች ክፍል ዋና ነርስ ነበረች።

"ስሚ ራዳር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ ጋም ሁለት አሉ፤ ቁልፋቸውን የያዘችው ነርስ ገና አሁን ነው የገባችው። ያቺን ነገር ለጥፊልኝ።"

"የት ነበሩ?"

"እሱ አይመለከትሽም።"

ወሬው ከአሳንሰሩ ፈጠነ። ከየመጋረጃው ጀርባና ከየአልጋው ሥር፣ አለ ተብሎ የማይታወቅ ማሽን ሁሉ እየተገፋ መጣ። ዳይሬክተሩ ሲወርድ ኮሪደሩ የሚያሳልፍ አልነበረም።

"ምንድን ነው ይሄ? ወለዱ እንዴ?"

"ከአራስ ቤት መውጣታቸው ነው" አለች አክስቷ፣ እንደ ሚዜ ደረቷን ነፍታ።

ዳይሬክተሩ በማሽኖቹ መሃል በጎኑ እየሾለከ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ።

"ግዢው ቀርቷል" አለ። "መሐንዲሷ የት አለች? እንዳትነቅለው ንገሯት።"

"ማን ሊነቅል ነበር?" የሚል ድምፅ ከጣሪያው ሥር መጣ። መሐንዲሷ መሰላል ላይ ቆማ ለቀጣዩ ክፍል ሽቦ እየዘረጋች ነበር። "እዚያው ከቆሙ አይቀር፣ እባክዎ ብሎን መፍቻውን ያቀብሉኝ።"

ዳይሬክተሩ አቀበላት።