ማንም አልሞተም

ክንፉን በእስራኤል፣ በሃይፋው ሀዳር ሃካርሜል ሰፈር የማያውቀው ሐበሻ የለም፤ በሩ ላይ ሊያየው የሚፈልግም የለም። ከጎንደር ከመጣ ጀምሮ የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ እሱ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ኩታቸውን ለብሰው፣ እሱን ከፊት አስቀድመው ይሄዳሉ። ድምፁ ለስላሳ፣ ፊቱ ረጅም፣ ቃሉ ምጥን ነው። እንዲህ ያለውን ስጦታ እግዜር ለጠላት ይስጥ። ደረጃ ሲወጣ የሰሙት ጎረቤቶች ትንፋሻቸውን ውጠው «እኛን እለፈን፣ ወደ ላይኛው ፎቅ ውጣ» እያሉ ይለምናሉ። ሰርግ ሲጠሩት እንኳ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው የሚያስቀምጡት።

ቲራት ካርሜል ካለው ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤት ዋለ፤ ቤት ውሎም ድስት ይከፍት ጀመር። ሚስቱ ዘቢደር ታገሠች፣ ታገሠችና አንድ ቀን «ጡረታ ያወጡህ እኔን እንድትጠብቅ ነው እንዴ?» ብላ እጁን ይዛ ወደ ማትናስ፣ ወደ ሰፈሩ የሕዝብ ማእከል፣ ወሰደችው። መንግሥት እዚያ አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር፤ ጡረተኞች በጎ ፈቃደኛ ሆነው ከቤት የማይወጡ አዛውንቶችን ይጠይቃሉ፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም ከብቸኝነት ይድናል።

አስተባባሪዋ ራቪት ሃይፋ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። ክንፉን አየት አድርጋ «ፊትህ ራጉዓ ነው፣ የተረጋጋ» አለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ሚትናዴቭ፣ በጎ ፈቃደኛ ነህ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ባይነሽን ሄደህ ትጠይቃለህ። ቤሰደር፣ እሺ?» አንተ ማለቷን ይቅር አላት፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ሙሴን ቢያገኘውም አንተ ነው የሚለው። የበጎ ፈቃደኞቹን ቢጫ ቆብም ሰጠችው።

ክንፉ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመሞቱ በፊት አንድ በር በፈገግታ ይከፈትለት። ይህን ለዘቢደር እንኳ አልነገራትም፤ ያሳፍረው ነበር።

ማክሰኞ ሲደርስ ብልሃት የሠራ መሰለው። ኩታውን ትቶ ቢጫውን ቆብ ደፋ። መርዶ በአንድ ሰው አይነገርምና ብቻውን ሄደ። መስተዋት ፊት ቆሞም ፈገግታ ተለማመደ።

ባይነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ በሯን ዘግታ የምትኖር ሴት ናት። ስትከፍት ክንፉ ጥርሱን አሳያት። ክንፉ ሲስቅ አይታ አታውቅም፤ የሚሸፍነው ነገር ቢከፋ ነው እንጂ ይህ ሰው ለምን ይስቃል? ያ ቢጫ ቆብስ? መንግሥት ራሱ መርዶ ነጋሪ ቀጥሮ መሆን አለበት። ወዲያው ወታደሩ የልጅ ልጇ ማታን ትዝ አላት። «ማታኔን፣ ማታኔን» ብላ ወደቀች።

ጎረቤቷ አስካለች ከሦስተኛው ፎቅ ደረቷን እየደቃች ደረሰች። ማን እንደሞተ አታውቅም፤ ቅድሚያ ማልቀስ፣ ኋላ መጠየቅ ነው። ከወዲያ ማዶ ሕንፃ፣ ከታችኛው ደረጃ፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ ከቤት ወጥተው የማያውቁ አዛውንቶች እየተደጋገፉ መጡ። ክንፉ «ማንም አልሞተም» ይላል፤ ግን በዚያ በለስላሳ ድምፁ ስለሆነ እሱ በተናገረ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። አስካለች «ትዳር ሳታይ፣ አንተ ሎጋው» እያለች ሙሾ ስታወርድ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። ሌሊት ባይነሽ ተኝታ ሳለች በራሱ ቁልፍ ገብቶ ለእረፍት የመጣው ማታን፣ ወገቡ ላይ ፎጣ፣ ጆሮው ላይ ሳሙና እንዳለ ብቅ አለ።

«ማ ካራ? ምን ሆናችሁ?»

አስካለች ከሁሉ በፊት ተቆጣች። «ካለህ ለምን ዝም ትላለህ?»

ያን ቀን ማንም ቶሎ አልሄደም። ለቅሶው ሳቅ ሆነ፣ ሻይ ተፈላ፤ በሩን ዘግቶ የኖረ ቤት መቀመጫ ጠፋበት። ራቪት ስትሰማ «ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ! ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ከቤት ያወጣ ሚትናዴቭ አልነበረንም» አለች። ሁሉም ሲሄድ ባይነሽ ክንፉን በሩ ላይ ያዘችው።

«አንቱ ሰውዬ፣ እንባዬን በከንቱ አስጨረሱኝ። ካሳ አለብዎ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይምጡ። ታዲያ ከታች ጀምረው ማንም አልሞተም እያሉ ይውጡ፤ አለዚያ በዱላ ነው የምቀበልዎ።»

ክንፉም ማክሰኞ ማክሰኞ ከምድር ቤት ጀምሮ ይጮህ ጀመር። «ማንም አልሞተም!» ከየፎቁ «ተመስገን» ይሉታል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሩስያዊት የሐበሻ ሰላምታ መስሏት እሷም ባገኘችው ቁጥር «ማንም አልሞተም» ትለው ነበር። ባይነሽ ሳያንኳኳ ትከፍታለች፤ እየሳቀች።

ሥራቸው ተከታታይ ድራማ ማየት ነበር። ሰዎቹ የሚያወሩት በስፓኒሽ፣ ከሥር የሚጻፈው በዕብራይስጥ፤ ሁለቱም ስፓኒሹን አይሰሙም፣ ዕብራይስጡንም አያነቡም። ባይነሽ ግን ሁሉን ትተረጉማለች። «ይኸ ባለ ጢሙ የወንድሙን በሬ ሰርቋል» ትላለች። ክንፉ «የምን በሬ፣ መኪና እኮ ነው የያዘው» ይላል። «ሸጦ ነዋ የገዛው።» እንዲህ ሲከራከሩ ይውላሉ። ዘቢደርን ሰዎች በባይነሽ ነገር ሊነካኳት ሲሞክሩ «በመርዶ ነጋሪ የምትቀና ሴት ቀንታ ትሙት» አለቻቸው። ድስቷ ሰላም አግኝቷልና።

ክረምቱ ሲገባ ክርያት ሐይም ይኖር የነበረው የባይነሽ ታላቅ ወንድም ማረው ሞተ። ጎሹና ሌሎቹ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው ወደ ክንፉ መጡ።

«በዚያ በር እኔ እንግዳ ነኝ። ሌላ ፈልጉ» አላቸው።

ጎሹ «እንግዲያስ እኔ እነግራታለሁ» አለ።

ዘቢደር ክንፉን ወደ ጓዳ ጠራችው። «የጎሹን አፍ ታውቀዋለህ። ይህቺን ሴት ለእሱ ትተዋታለህ?»

ክንፉ ቢጫውን ቆብ ቤት ትቶ ኩታውን ለበሰ። ጎህ ሲቀድ ደረጃውን ያለ ድምፅ ወጡ። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ እጁን ሳያነሣ በሩ ተከፈተ። ባይነሽ እርምጃውን ለይታው ነበር። ከፊት የቆመው እሱ ስለሆነ ከኋላው ያሉትን ሽማግሌዎች አላየችም።

«አያ ክንፉ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው እንዴ?» አለች እየሳቀች። «ሳይጮሁ መጡ እኮ። ይበሉ እንጂ።»

ክንፉ ኩታውን ወደ ፊቱ ሳበ።

«ይበሉ» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ።

መርዶ ነጋሪ ከሐዘንተኛው ቀድሞ አያለቅስም፤ ነውር ነው። ክንፉ ቀድሞ አለቀሰ።

ሰባቱን የሐዘን ቀን ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ቀና ብሎ አላያትም። ሐዘኑ ተነሥቶ ማክሰኞ ሲመጣ ዘቢደር ቆቡን ደፍታለት ከቤት አስወጣችው። ደረጃው ሥር ቆመ። ወንድሟን ለቀበረች ሴት ማንም አልሞተም ተብሎ ይጮኻል? ዝም ብሎ ቢወጣስ፣ ደግሞ ማን ሞተ ብላ ብትወድቅ? አንድ በር አግኝቶ ነበር፤ በገዛ እጁ ዘጋው። ልቡ ስብር አለና ወደ መንገዱ ዞረ።

ከአራተኛ ፎቅ፣ ጎርነን ብሎ የደከመ ድምፅ በደረጃው ወረደ።

«ማንም አልሞተም! ይውጡ እንጂ አንቱ ሰውዬ፣ ድራማው ጀምሯል።»