ሳይሰማ የተገዛ ሞተር

ዓባይነህ ሞተር የሚገዛው በጆሮው ነበር። ሰበታ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ሻጩ ቢምል ቢገዘት፣ ወረቀት ቢዘረጋ፣ እሱ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። «ሦስተኛው ፒስቶን ታሟል» ካለ ታሟል ነው። ስለዚህ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ አንድ ሞተር ሳያስነሣ ገዛ ሲባል የጋራዥ ሰው ሁሉ አላመነም። ምኞት ግን የማያደነቁረው ጆሮ የለም።

ምኞቱ ግቢው ጥግ የቆመችው አሮጌ ፊያት ነበረች። ሰባት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሲያለብሳት ኖሯል፤ ቆርቆሮዋን ቀጥቅጦ አቅንቷል፣ ቀይ ቀለም ቀብቷታል፣ ወንበሯን በቆዳ ሰፍቷል። የራሷ ሞተር ዳገት ባየ ቁጥር ስለሚያለከልክ አውጥቶ ጥሎታል። እሱ የፈለገው የአልፋ ሮሜዮ ሞተር ነው፤ ካምሻፍቱ ሁለት፣ ጉልበቱ የፊያቷን እጥፍ። በዚያ ሞተር፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ከሱሉልታ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ጫፍ ላይ በሚያልቀው የዳገት እሽቅድምድም ሊገባ ቆርጧል። ሚስቱ አረጋሽ «ሰባት ዓመት ጣውንት አስቀመጥህብኝ» ትለዋለች። ቀልድ ነው፤ ቀልድ ብቻ ግን አይደለም።

ቡራዩ፣ ገፈርሳ ግድብ አጠገብ ግራዝማች ተሾመ የሚባሉ ባለርስት የአልፋቸውን አካል ቆራርጠው ጥለው ሞተሩን ብቻ ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ሰማና ገሠገሠ። ሞተሩ ገለባ ቤት ውስጥ፣ በንጹሕ ጋቢ ተሸፍኖ ተኝቷል። ዘበኛው እስከ በሩ አድርሶት ተመለሰ፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

«ላስነሣውና ልስማው» አለ ዓባይነህ።

«እዚህ ግቢ ውስጥ አይነሣም» አሉ ግራዝማች።

ያኔ ትቶ መሄድ ነበረበት። ግን ዋጋው ግማሽ ነው፤ ብረቱም ንጹሕ ነው፤ ደግሞ ሰባት ዓመት ጠብቋል። እሺ ሲል ግራዝማች ወደ ኋላቸው ምልክት ሰጡ፤ አንድ ቄስ መስቀል ይዘው ከቤት ወጡ። ሞተር ለመሸጥ ቄስ ሲጠራ ዓባይነህ በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

«ከማን እንደገዛኸው ከአፍህ እንዳይወጣ» አሉ ግራዝማች። «አባ ይገዝቱሃል።»

ዓባይነህ ሳቁን ዋጠ። ባለርስት ውራጅ ብረት ሸጠ እንዳይባሉ ነው ብሎ ገመተ። ቄሱ «ይህን ሞተር ከማን እንዳገኘህ ለማንም በአፍህ ብትናገር እንደ ይሁዳ የተለየህ፣ እንደ አርዮስ የተወገዝህ ሁን» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለና መስቀሉን ተሳለመ። ከዚያ ሞተሩን በጭነት መኪና ጭኖ ሰበታ ገባ።

ክረምቱን ሙሉ ሠራ። የሞተሩን መቀመጫ በየደ፣ ካምቢዮውን አስማማ፣ ማርሚታውን በልኩ አስቆረጠ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አስነሣው። ጋዝ ሲሰጠው እንባው መጣ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት በእጁ ይዞ አያውቅም። ጋዙን ሲለቀው ግን፣ ሞተሩ በቆመበት በዝግታ ሲዞር፣ አንድ ነገር ሰማ። ሦስት ጊዜ እኩል ይመታና ይገታል። በዚያች ክፍተት ሰው ሊናገር ሲል አየር የሚስበው ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ምንም አይከተልም። እንደገና ሦስት ይመታል።

ካንዴላዎቹን ለወጠ። ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ። ቫልቮቹን አንድ በአንድ አስተካከለ። ድምፁ አልጠፋም። ይባስ ብሎ ዓባይነህ ራሱ ክፍተቷን መጠበቅ ጀመረ፤ ሞተሩ ሲገታ የእሱም ትንፋሽ ይገታል። ምሳ ላይ ጉርሻ ጨብጦ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ወደ ግቢው ጥግ ጆሮውን ሲያቀና አረጋሽ ያዘችው።

«ይሄ ነገር ሊል የፈለገው አለ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጥግ ልብስ ማስጣት ተወች። ዓባይነህም ሳቀባት፤ ፈርቶ ነበር እንጂ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

እሽቅድምድሙ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው መንገዱን ሊለማመድ ጠዋት ወደ ሱሉልታ ወጣ። ሜዳው ላይ እንደ ልቡ ከነዳ በኋላ ከአንድ ቤት በታች ጥግ ይዞ ቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥ ጀመር። ቀና ሲል አንዲት ባልቴት ቀጭን በትር ይዘው ከቤታቸው ወደ መንገዱ ሲወርዱ አየ።

«አካም ቡልቴ» አሉት።

«ናጋ፣ እማማ» አለ። «አስቸገርኋችሁ መሰል፤ ላጥፋው።»

«አታጥፋ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ሞተሩ ሲገታ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ሲይዙ አየ። ከእሱ በቀር ያን ክፍተት የሚጠብቅ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ባልቴቷ ጎንበስ ብለው በትራቸውን ከጎማዎቹ ፊት አጋደሙ። ሲንቄ ነው፤ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው በትር። ሴት ያጋደመችውን ሲንቄ ወንድ አይሻገርም፤ ዓባይነህ ሰበታ ተወልዶ ያደገ ሰው ነውና ይህን ያውቃል።

«ልጄን የገደለው ይሄ ነው» አሉ።

ጎረቤት ወጣ። የባላቸው ወንድም ኦቦ ገርባም ከእርሻው መጡ። ባልቴቷ፣ ወይዘሮ ድንቅቱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ።

«ሦስት ዓመት ሆነ። ነሐሴ ነው፣ ጠዋት፣ ጉም ነበር። ልጄ ዱቤ የወተቱን ቢዶን ይዞ መንገድ ዳር ወጣ። እኔ በረት ውስጥ አልብ ነበር። መኪና መጥቶ ሲቆም ሰማሁ። እንዲህ እያለ ቆመ፣ ልክ እንዲህ። ወተት የሚገዛው ሰውዬ መጣ አልሁ። ላሚቱን አልቤ እስክጨርስ ቆየ። ከዚያ ሄደ። ስወጣ ልጄ ቦይ ውስጥ ነው። ገና ይሞቃል።»

«እኔ አይደለሁም» አለ ዓባይነህ። «ሞተሩን የገዛሁት ሰኔ ላይ ነው።»

«ሰው ሳያስበው ይገድላል» አሉ ኦቦ ገርባ። «ያመነ ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ የደሙን ካሳ፣ ጉማውን፣ ይከፍላል፣ ደሙ ይታጠባል፣ አብረን እንበላለን። ይሄኛው ሄደ። ስሙን ስለማናውቅ ሬሳውን ቀበርን እንጂ ነገሩን አልቀበርንም። ከማን ገዛኸው?»

አፉን ከፈተና ዘጋው። «ተገዝቻለሁ።»

«አንተ ተገዝተሃል። እኛ አልተገዘትንም። ስም ከሌለ ደሙ ሞተሩን በያዘው ላይ ነው።»

ያን ጊዜ አንድ ቀላል ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ መጣለት። አንድ ጣሊያን ነው የሸጠልኝ፣ አገሩ ገብቷል ቢል አለቀ። ግዝቱን አያፈርስ፣ ሞተሩን አያጣ፣ እሽቅድምድሙም አይቀርበት። ሊናገር አየር ሳበ። ሞተሩም በዚያው ቅጽበት ተገታና አየር ሳበ። ወይዘሮ ድንቅቱ አፋቸውን ከፈት አድርገው ከሁለቱ የትኛው እንደሚናገር ይጠባበቁ ነበር። ዓባይነህ ውሸቱን ሊለው አልቻለም።

«አፌ ታስሯል» አለ። «እግሬ ግን አልታሰረም። እማማ፣ ይግቡ።»

ወይዘሮ ድንቅቱ ሲንቄያቸውን አነሡና ከጎኑ ተቀመጡ፤ ኦቦ ገርባ ከኋላ ገቡ። እንጦጦን ተሻግረው፣ ከተማውን አቋርጠው ወደ ቡራዩ ሲወርዱ ዓባይነህ ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር። ቄሱ በአፍህ ነው ያሉት፤ በእጅህ፣ በመሪህ አላሉም። እንዲህ ያለ ብልጠት በእግዚአብሔር ፊት እንደማያዋጣ ያውቃል። ነፍሱን ፈራላት። ሆኖም ወደ ሰበታ የሚያስገነጥለው መንገድ ጋ ሲደርስ መሪውን አላጠፈም።

የግራዝማች ተሾመ ቤት ገና ሳይታይ ሞተሩ ተሰምቶ ኖሯል። መኪናዋ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ግራዝማች ግቢው መካከል ቆመዋል፣ ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዷል። ዓባይነህ ግዝቱን አፍርሰሃል ይሉኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። እሳቸው ግን እሱን አላዩትም፤ ዓይናቸው ከሴትዮዋ ላይ አልተነሣም።

ወይዘሮ ድንቅቱ ወረዱ። ማን ነህ ብለው አልጠየቁም፤ አንቱ ለማለትም አልደከሙም።

«ቆመህ ነበር» አሉ። «ሰምቻለሁ። ብዙ ቆመሃል። ምን ታደርግ ነበር?»

«ወርጄ አጠገቡ ተንበረከክሁ» አሉ ግራዝማች።

«በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

«ተናገረ?»

ሞተሩ ሦስት መታና ተገታ። ግራዝማች አየር ሳቡ።

«እናቴን ጥራልኝ አለኝ። ቤቱን በጣቱ አሳየኝ። የምድጃችሁ ጭስ በጉሙ ውስጥ ይታየኝ ነበር። ልጣራ አፌን ከፈትሁ፤ ከጠራሁ ታዩኛላችሁ ብዬ ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትሁ፤ ደግሜ ዘጋሁ። ዝም እስኪል ድረስ እንዲያ ስል ቆየሁ።»

ኦቦ ገርባ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ዓባይነህ እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋው። ግቢው ጸጥ ሲል ወይዘሮ ድንቅቱ አንድ እርምጃ ወደ ግራዝማች ቀረቡ።

«እዚያው ነበርኩ እኮ» አሉ። «ብትጠራኝ እሰማህ ነበር።»