ኩርፊያ በኢዮቤልዩ ዋዜማ

«እትዬ፣ የእኛን ስም ከነገው ዝርዝር ይሰርዙልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁምስና ቢሮ በር ላይ እንደቆመች።

ጸሐፊዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው አዩዋት። በነገው የኢዮቤልዩ ቅዳሴ፣ በትዳር ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ጥንዶች መሠዊያው ፊት ቆመው ቃል ኪዳናቸውን ያድሳሉ። ስማቸውን ከጋብቻ መዝገቡ ለቅመው የለጠፉት ራሳቸው ጸሐፊዋ ናቸው። ማንንም አልጠየቁም፤ ለደስታ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ ብለው።

«ምነው ልጄ፣ በደህና?»

«በደህና ነው። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁማ አይሰረዝም። መዝገቡ ላይ የፈረማችሁት ሁለት ናችሁ። ለማሰረዝም ሁለት ሆናችሁ ኑ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቁምስናው አዳራሽ ሄደች። ከባሏ ጋር ከተኳረፉ ድፍን አሥራ ሰባት ቀን ሆኗቸዋል። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው፣ ሳያማክራት አገር አቋራጭ መስመር ጠይቆ ተቀየረ። ከሰኞ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ሌሊት ውጭ ሊያድር ነው። ወሬውን የሰማችው ደግሞ ከእሱ አይደለም፤ ቀሚስ ልትለካ ከመጣች ጎረቤት ነው፤ የጎረቤቷ ወንድም የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ። ያን ዕለት ማታ እራቱን አቀረበችለትና አፏን ዘጋች። እሱም ቢሆን ድሮውንም ወሬ የማያበዛ ሰው ነውና፣ በዚያው ቀረ።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ምእመን ለነገው በዓል ይራወጣል። ወንበር የሚያጥብ አለ፣ ግድግዳ የሚቀባ አለ። ሥራ የምታከፋፍለው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ በሽተኛም ይሁን ጤነኛ፣ ሲለግም አትወድም። ልብስ ሰፊዋና ባሏ ራቅ ራቅ ብለው እንደቆሙ አየቻቸው።

«እናንተ ባልና ሚስት፣ መስኮቱን ያዙ። አንድ ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ።»

እሱ ከውጭ ሳሙና ያስነካል፣ እሷ ከውስጥ በአሮጌ ጋዜጣ ትወለውላለች። አንዲት ነጠብጣብ አልለቅም አለች። በጣቷ አሳየችው። አሸት አሸት አደረገና ራሱን ነቀነቀ፤ ያንቺ በኩል ነው ማለቱ ነው። እሷም አሸች፤ ወይ ፍንክች። እንደገና አሳየችው። እሱም እንደገና ወደ እሷ ጠቆመ።

«ያንተ በኩል ነው እኮ» አለች ሳታስበው፣ ጮክ ብላ። ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ከአፏ የወጣለት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ሾፌሩ መስኮቱን ከፈተው። «ምን አልሽ?»

አንዴ ጀምራዋለችና፣ «ስማችንን ለማሰረዝ ሁለታችንም መሄድ አለብን ብለዋል» አለችው።

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ቀስ ብሎ ጨመቀው። «ይሰረዝ ነው የምትይው?»

«ነገ ሰው ፊት ቆሜ አብሬህ እኖራለሁ ልል፣ ሰኞ አንተ ጥለኸኝ ልትሄድ?»

«ጥዬሽ አልሄድኩም። ሥራ ነው።»

«ሥራ ከሆነ ለምን ከጎረቤት አፍ ሰማሁት?»

ጨርቁን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋ። እሷም አልረዳችውም፤ ቃሉን ራሱ ፈልጎ ያምጣው ብላ ጠበቀችው።

«ልጆቹ ከወጡ ወዲህ» አለ በመጨረሻ፣ «ስገባ ማሽኑ ላይ ነሽ። በልቼ ስተኛም ማሽኑ ላይ ነሽ። ብኖርም ባልኖርም ልዩነቱን የምታውቂው አልመሰለኝም። ልነግርሽ ሦስት ማታ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ማሽኑ ሲቆም እነግራታለሁ እላለሁ፤ አይቆምም።»

የያዘችውን ጋዜጣ አጣጥፋ መስኮቱ ላይ አኖረች።

«ቤቱ ጭር ሲልብኝ ነው የምሰፋው» አለች። «አንተ ዝም ትላለህ። ማሽኑ እንኳ ይንጫጫል።»

ሳቁ አመለጠው። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

«ፈርሜያለሁ» አለ ወዲያው ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «እስከ ስድስት ወር መመለስ አይቻልም። መጀመሪያ ላንቺ መንገር ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ነርሷ ከወዲያ «እዚያ መስኮት ጋ ሥራ ነው የተያዘው ወይስ ሽምግልና?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሥራው ሲያልቅ ጸሐፊዋ ቢሮውን ሊቆልፉ ሲሉ ባልና ሚስቱ አብረው ደረሱ።

«እህ፣ ልትሰረዙ ነው የመጣችሁት?»

ሾፌሩ ሚስቱን አየ። «እሷ ያለችው ይሁን።»

«ስማችን ይቆይ፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጸሐፊዋም በሩን ቆለፉ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጥቂት ተራመዱና፣ «ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትነሣው?» ስትል ጠየቀችው።

«በአሥራ ሁለት። ማክሰኞ ማታ እመለሳለሁ።»

«የት ታድራለህ?»

«መስመሩ መጨረሻ ላይ ማደሪያ አለ። ክፍሉን አላየሁትም፤ ደህና ነው ይላሉ።»

ይህን ያህል ዘመን መሪ ሲጨብጥ፣ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሄዳ አታውቅም፤ ገበያው ጋ ወራጅ ናት። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና የሰኞ ደንበኛዋ ጋ ደወለች።

«ቀሚስሽ ለሰኞ አይደርስም። ረቡዕ ነይ።»

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለች ደንበኛዋ።

«ደህና ነኝ። ከባለቤቴ ጋር መንገድ አለን።»

ሾፌሩ መንገዱ መሐል ቆመ። «ከኔ ኋላ ያለው ወንበር ፀሐይ ይመታዋል» አለ። «በቀኝ በኩል እይዝልሻለሁ።»