ጨዋታው እስኪያልቅ

ይማም ከጓዳ ሳይወጣ ሠላሳ ስምንት ቀን ሞላው። እህቱ ረሂማ ቀኑን የምታውቀው እሱ በየጠዋቱ ስለሚነግራት ነው። ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነው፤ ቀበሌው የታዘዘውን የሰው ኮታ መሙላት አለበት፤ ዕድሜው የደረሰ ጎረምሳ ላምበረት መንገድ ላይ ከታየ በጭነት መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ለጎረቤት «ደሴ አጎቱ ጋ ሄዷል» ተብሏል። ደሴ ሄደ የተባለው ሰውዬ ግን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲመላለስ ወለሉን ሊጨርሰው ነው።

ጨዋታውን የፈጠረው ራሱ ነው። ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በከሰል ካርታ ሣለ፤ በእንጦጦ በኩል ያለው የረሂማ አገር፣ በላምበረት በኩል ያለው የእሱ። በየተራው እያንዳንዳቸው አሥር አሥር የበቆሎ ፍሬ ወስደው በሦስት የጣሳ ክዳን ላይ ያከፋፍላሉ፦ እርሻ፣ ትምህርት፣ ጦር። እርሻ ላይ የዋለ ፍሬ በሚቀጥለው ተራ ምርት ይሰጣል። ትምህርት ላይ የዋለው ተጠራቅሞ ሃያ ሲሞላ ድልድይ ወይም መድፍ ያሠራል። ጦር መሬት ይይዛል፣ ግን በየተራው ቀለብ ይበላል። ዋና ከተማው የተያዘበት ሰው አለቀለት። ተራው በቀን አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወንድምና እህቱ መናከስ ይጀምራሉ።

ገና ሲጀምሩት እናታቸው ዘሙሩድ የልጇን መቁነጥነጥ አይታ አስማለችው። «ወላሂ፣ ይሄ ጨዋታ ሳያልቅ ከበር አልወጣም» አለ። ሳምንት የማይሞላው መስሎት ነበር። ይማም ብዙ ነገር ይዋሻል፤ በወላሂ ግን አይቀልድም።

ታዲያ ያ ሁሉ ሸክም የወደቀው ረሂማ ላይ ነው። ካሸነፈችው ይወጣል። ካሸነፋትም ይወጣል። ወንድሟ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ጦር ላይ የሚያፈስ ሰው ነው፤ በአምስተኛው ተራ ወታደሮቹ ቀለብ አጥተው እሷ በር ላይ ለልመና ሊቆሙ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ያን ቀን አንድ ለም ማሳ መጠበቅ «ረሳች»ና ወሰደባት። ጠግቦ ሲመጣባት ደግሞ መድፏን አወጣች። እንዲህ ስታጎርሰውና ስትቀጣው ወር አለፈ። የማትሪክ ደብተሯን ከከፈተች ቆይታለች፤ ተኝታም የምታስበው በቆሎ ነው። አገር ማስተዳደር እንዲህ አንጀት የሚበላ ሥራ መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ ይማም ጦሩን በሙሉ ወንዙን አሻግሮ ሜዳ ላይ አሰፈረው። ዋና ከተማው ውስጥ አንዲት ፍሬ አላስቀረም። ከዚያ ካርታውን ትቶ እህቱን ያያት ጀመር።

ረሂማ አንገቷን ሳታቀና አሥሩንም ፍሬ ትምህርት ላይ አፈሰሰች።

«ከተማዬ ባዶ ነው» አላት።

«አይቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ስታባብይኝ የቆየሽው?»

ፍሬዎቹን ክዳኑ ላይ መደርደሯን ቀጠለች። እሱም ያ ሁሉ ቀን የታፈነበትን ንዴት አወጣው። ሕፃን እንዳደረገችው፣ እንደ ጫጩት ቅርጫት እንደደፋችበት፣ አገሯ ጎተራ እንጂ ልብ የሌለው መሆኑን ደረደረላት። መጨረሻ ላይ «ድሮም ፈሪ ነሽ» አላት።

ይቺ ቃል አቃጠለቻት። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር የጓዳውን በር ለመዝጋት የምትሮጠውን፣ ለጎረቤት እየዋሸች የምትውለውን ልጅ ነው ፈሪ ያላት። ወታደሮቿን በመዳፏ አፈሰችና ከተማው ላይ ዘረገፈቻቸው። «በል አለቀ። ሂድ» አለችው።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ፍሬዎቹን መልሳ መሰብሰብ ፈለገች፤ ግን የተቀመጠ ፍሬ አይነሳም የሚለውን ሕግ ያወጣችው እሷው ናት። ይማም ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

«ይማም፣ ሲወስዱህ እንዳላይ ነው።»

«አውቃለሁ» አላት፤ አሁን ንዴቱ በርዶለታል። «እንጦጦ ወጥቼ አንዴ አየር ልሳብ። በጫካው በኩል ነው የምሄደው፣ ማንም አያየኝም።» የቀኝ ጫማውን አጥልቆ ክሩን አሰረ። ከአስፋልቱ በኩል ሞተሩ ያልጠፋ የጭነት መኪና ያጉረመርማል። ሁለቱም እየሰሙት ነው።

ዘሙሩድ ሳይሸጥ የተረፋትን በርበሬ በፌስታል ይዛ ከገበያ የገባችው ያኔ ነው። ካርታውን አየች፣ የልጇን አንድ እግር አየች፣ የሴት ልጇን ፊት አየች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ጨዋታውንም እያለፈች ከማየት በቀር ቀርባው አታውቅም። ፌስታሉን አስቀመጠችና ካርታው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«የእኔ አገር የቱ ነው?» አለች።

«እማ፣ አልቋል።»

«የእናንተ ነው ያለቀው። እኔን ማን አሸነፈኝ?»

ማንም ሳይሰጣት አሥር ፍሬ ቆጥራ አነሳች። እርሻው የትኛው ክዳን እንደሆነ ጠየቀች፤ ረሂማ በጣቷ አሳየቻት። ዘሙሩድ አሥሩንም እዚያው ጨመረችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ይማም በአንድ ጫማ እንደቆመ ሳቁ አመለጠው። «እማ፣ ያለ ጦር እኮ ነው። ረሂማ በሁለት ተራ ትይዝሻለች።»

«ሁለት ተራ ስንት ቀን ነው?»

የይማም ሳቅ ጠፋ። «ሁለት» አላት።

«ሁለት ቀን ስጠኝ እንግዲህ» አለችው፤ ቀና ብላ አላየችውም።

መኪናው እዚያው ያጉረመርማል። ይማም ክሩን ፈታ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከሰሉን አነሳና ለእናቱ ድንበር ያሰምርላት ጀመር።